የቱ ይሻለኛል?

በእኛ በደባርቅ በሬ መግዛት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገዢው ጠዋት ገበያ ይወርዳል፤ የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ጭራውን ሳብ፣ ትከሻውን ጫን ያደርጋል፣ «እስቲ ንዳልኝ» ብሎ አረማመዱን ይመለከታል። ሦስት ጊዜ «ተወው» ብሎ ሄዶ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ቀትር ላይ ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ ሻጭና ገዢ ተመራርቀው፣ በሬው ወደ አዲሱ ጌታው ቤት ይነዳል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ የተንጠለጠለበት ጉዳይ በዚሁ ያልቃል።

ይኸው ሰው ስማርት ስልክ ልግዛ ያለ ዕለት ግን ጉድ ፈላ። በስልኩ ዋጋ ከበሬው አንድ ቀንዱ ቢገዛ ነው፤ ምርጫው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ባለሱቁ የመስታወት ባንኮኒው ላይ ሁለት ካርቶን ያስቀምጥለታል። አንዱን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፤ ሌላውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፤ ሁለቱንም በሁለት እጁ ይመዝናል። ጥርስ ቢኖራቸው ደግ ነበር፣ ገልጦ ያይ ነበር። በመጨረሻ «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ወደ ኋላው ዞር ይላል። ከኋላው ደግሞ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ ስልክ ቤት ብቻውን የሚገባ ሰው ቢኖር እንኳ ብቻውን አይወጣም።

ምርጫው ብዙ ጊዜ በቴክኖና በኢንፊኒክስ መካከል ነው። ስፓርክ 20 እና ሆት 40አይ የሚባሉትን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩአቸው። የሁለቱም ባትሪ 5000 ነው፤ የሁለቱም የኋላ ካሜራ 50 ሜጋፒክስል፣ የፊቱ 32፣ ቻርጀራቸው 18 ዋት። የአንዱ ስክሪን 6.6 ኢንች፣ የሌላው 6.56 ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ብትለኩት ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህች አንድ ሚሊ ሜትር የተነሣ ሁለት የሰፈራችን ጎረምሶች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። «ፊልም ለማየት ሰፋ ያለው ነው የሚሻለው!» ይላል አንዱ። ፊልሙን የሚያየው በሌላ ሰው ዋይፋይ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው።

ጥሪ ሲመጣ ወይም ቻርጀር ሲሰካ ከካሜራዋ ቀዳዳ ዙሪያ ሳብ ብላ የምትወጣ ጥቁር ነገርም አለች። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2022 አመጣትና ሌሎቹ ተከተሉ። ቴክኖ «ዳይናሚክ ፖርት» አላት፣ ኢንፊኒክስ «ማጂክ ሪንግ» አላት። የእህቴ ልጅ ደግሞ «ይሄኛው ማጂክ አለው፣ ያኛው የለውም» አለና ነገሩን ቆረጠው። ማጂኩ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደሞላ እንደሚያሳይ ነገረኝ። ያኛውስ? እሱም ያሳያል።

የሚያስቀው ገና ነው። ቴክኖም ኢንፊኒክስም፣ ያቺ ቁልፍ ያላት ትንሿ አይቴልም ሳትቀር፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው የቻይናው ትራንሽን ነው፤ መቀመጫው ሼንዘን። አፍሪካ ውስጥ በስማርት ስልክ ሽያጭ የሚቀድመው የለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥም ይገጣጥማል። አንዱ ተሸጠ፣ ሌላው ተሸጠ፣ ገንዘቡ የሚገባው አንድ ኪስ ነው። ወንድማማቾቹ እዚያ ሼንዘን ተስማምተው ይኖራሉ፤ እዚህ ደባርቅ በእነሱ የተነሣ የምንኮራረፈው እኛ ነን።

አማካሪ መቼም በነጻ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው የእህት ልጅ ዩቲዩብ ላይ የህንዱንም የናይጄሪያውንም ግምገማ አይቶ ጨርሷል፤ «ፕሮሰሰሩ ነው ዋናው» ይላል፣ ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ደፋር ግን አይገኝም። ጎንደር ያለው ወንድም «እኔ ሳልመጣ እንዳትገዛ» ይላል፤ አይመጣም። አዲስ አበባ ያለው የአጎት ልጅ «መርካቶ እኮ ርካሽ ነው» ይላል፤ ገዝቶ የሚልክበት ሰው ግን ሁልጊዜ ትናንት ነው የሄደው። ዱባይ ያለችው እህት ደግሞ አንድ ቀን ማታ ደውላ «ተው ወንድምዬ፣ እኔ አይፎን እልክልሃለሁ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ምርጫው ለሦስት ወር ይቆማል። አይፎኑ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም፤ እሱ ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ ቴክኖ የያዘ ሰው ሲያይ ፈገግ ማለት ጀምሯል።

የአማካሪዎቹ ሁሉ ምክር አንድ ጠባይ አለው። ቴክኖ የያዘ «ቴክኖ ግዛ» ይላል፤ ኢንፊኒክስ የያዘ «ኢንፊኒክስ»። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀበት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። «ይሄ ስልክ ስንቴ ወድቆብኝ አሁንም ይሠራል!» ይላል በኩራት። እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳየን ሲዳብሰው ጣቱን ቆረጠው።

ከአማካሪው ቀጥሎ ሰውን የሚያምሰው ቁጥር ነው። ባለፈው አንድ ትልቅ ሰው የካርቶኑን ጎን ከዓይናቸው አርቀው እያነበቡ ደረስኩ።

«ይሄ ራም የሚሉት ስንት ነው ልጄ?»

«ስምንት ነው ጋሼ።»

«እዚህ ላይ አራት ሲደመር አራት ነው የሚለው።»

«አራቱ የራሱ ነው፤ አራቱን ከሜሞሪው ይበደራል።»

ባለሱቁ አልዋሸም። ስልኩ ሥራ ሲበዛበት ፎቶና ቪዲዮ ከሚቀመጥበት ሜሞሪ ላይ ቆንጠር አድርጎ እንደ ራም ይጠቀምበታል፤ ዘገምተኛ ነው፣ የእውነተኛውን ራም ያህል አይሮጥም። ጋሼ ጥቂት አሰቡና ካርቶኑን አስቀመጡ። «እኔም ግማሹን ብር ተበድሬ ነው የመጣሁት» አሉ፤ «እንዲህ ከሆነ ሒሳቡ፣ ለካ ሀብታም ነኝ!»

ካሜራውም የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ከጀርባው ያሉትን ክቦች ይቆጥራል፤ ሦስት ከሆኑ «ሦስት ካሜራ» ይባላል። በእነዚህ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስልኮች ላይ አንዱ ክብ እውነተኛው ካሜራ ነው፣ አንዱ ፍላሽ ነው፣ አንዱ ደግሞ ሰው እንዳያንስ ብሎ የተሰለፈ ረዳት ነው። ለሙከራ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚያደርገው፤ ስልኩን ወደ በሩ አዙሮ ውጭ የቆመውን ባጃጅ ያነሣል። ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ታርጋውን ያነባል፤ በዓይኑ ቀና ቢል የሚያነበውን ታርጋ። በደባርቅ ምድር ከጭላዳ ዝንጀሮ ቀጥሎ ብዙ ፎቶ የተነሣ ፍጥረት ቢኖር ያ ባጃጅ ነው።

ሴቶቹ ስለ ባጃጁ ግድ የለንም፤ የፊቱን ካሜራ ነው የምንከፍተው። እነዚህ ስልኮች በአፍሪካ ገበያ የሰለጠኑት አንዱ በዚህ ነው፤ ካሜራቸው ጠይም ፊት አጨልሞ እንዳያበላሽ ተብሎ የተሠራ ነው። ያ ደግ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን «ማሳመሪያ» የሚሉት አለ፤ ጫፍ ድረስ ሲገፉት ብጉር ይጠፋል፣ አገጭ ይሾላል፣ ዓይን ይፈጥጣል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ በሁለቱም ስልኮች ራሷን አንስታ ለአያቷ አሳየቻቸው። አያትየው የመጀመሪያውን አይተው «አንቺ ነሽ» አሉ። ሁለተኛውን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው፣ «ይቺስ የማን ልጅ ናት? የምታውቀንም አትመስል» አሉ። ልጅት ለሁለተኛው እዚያው ከፍላ ወጣች።

ኦሪጅናል መሆኑን ማረጋገጥም ሥርዓት አለው። ገዢው ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ይነካል። አሥራ አምስት አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ብቅ ይላል። ከካርቶኑ ቁጥር ጋር ማመሳከር ነበር ወጉ። እሱ ግን ካርቶኑን አይነካውም፤ ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች በጥሞና ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ልክ ነው» ይላል። ከኋላ የቆምነውም ራሳችንን እንነቀንቃለን። እኔማ አንድ ጊዜ «ጥሩ ቁጥር ነው» ብዬ አውቃለሁ።

ከዚያ የማትቀረዋ ጥያቄ ትመጣለች፤ «ኔትወርክ ይስባል?» ባለሱቁም ያለማመንታት «ይስባል!» ይላል። ማማ በሌለበት ገደል ሥር ቴክኖም ኢንፊኒክስም የሚስበው አየር ብቻ ነው፤ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። ሳፋሪኮም በ2015 አገልግሎት በይፋ ሲጀምር ደግሞ ሁለት ሲም መያዝ ሆነ ወጉ፤ አንዱ በ09 አንዱ በ07። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ያሉት አባቶቻችን ሁለት ሲም አላዩም። የእኛ ሰው ሁለቱንም ይከትና፣ ለመደወል ግን ጉብታ ላይ ወጥቶ ክንዱን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠርስ? ያን ሰሞን «የኔ ይፈጥናል» የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም ስልክ መብራትና ሒሳብ ማስያ ሆኖ ነበር፤ ክርክሩም የማንኛው መብራት ይደምቃል ወደሚል ዞረ እንጂ አልቆመም።

ባትሪ ነው ዋናው የሚሉም አሉ፤ በእኛ አገር ብርድ ይሄ እውነት አለበት። ተራራው ላይ ያለው የሳንቃ በር ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 3250 ሜትር ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ባትሪ ደግሞ ሲበርደው ውስጡ ያለው ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ማታ ግማሽ የነበረ ጠዋት ድርግም ይላል። ሁለት አስጎብኚ ልጆች የነገሩኝን ልንገራችሁ። አንዱ ቴክኖ፣ አንዱ ኢንፊኒክስ ይዘው እዚያ ካምፕ ሲያድሩ፣ «የኔ ነው የሚቆየው» «የኔ ነው የሚቆየው» ሲባባሉ አመሹ። መሣሪያቸውን ታቅፈው እሳት ዳር የተቀመጡት ጠባቂ ስካውት ሁሉንም ይሰማሉ። ሲነጋ ሁለቱም ስልክ በድን። ለሹፌሩ መደወል አለባቸው።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ያውሱን እስቲ።»

ጋሼ ከጋቢያቸው ሥር ያቺን ቁልፍ ያላትን አይቴል አወጡ። ከሦስት ቀን በፊት ነው ቻርጅ ያደረጓት። «ሌሊቱን ሙሉ የቱ ይሻላል ስትባባሉ አልነበር?» አሉ። «ይቺ ትሻላለች።»

ምርጫ ሲረዝም ደግሞ ዋጋ አይጠብቅም። አንድ ጎረቤቴ ከሰኔ ጀምሮ ሲመርጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ወደ ላይ ተነሣ። ጎረቤቴ ነሐሴ ላይ ሱቁ ሲሄድ ሁለቱም ስልኮች ጨምረው ጠበቁት፤ ያውም እኩል። ያዝናል ብዬ ሳየው እሱ ሌላ ነገር ነው የገረመው። «አየሽልኝ እትዬ? በዋጋ እንኳን አይለያዩም እኮ! በምን ልምረጣቸው?» አለና ምርጫውን ከሀ ጀመረ።

እኔም ይህን ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ፤ ልዩነቱ ባነሰ ቁጥር ክርክሩ ይረዝማል። በሬና በሬ ይለያያል፤ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይተኛል፤ ስለዚህ ዓይቶ ወስኖ መሄድ ነው። ሁለቱ ስልኮች ግን ስለማይለያዩ ልዩነቱን ፈልስፎ ማምጣት የእኛ ሥራ ሆነ፤ በሥራው ደግሞ ጎበዞች ነን። ከዚያም በላይ መምረጥ ራሱ ይጥማል። ሰውየው ስልክ ሊገዛ ነው በተባለ ሰሞን ቡና ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል፤ «እህ፣ ቆረጥክ?» ይባላል፤ ዘመድ ከዱባይ ይደውላል፤ የማያውቀው ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ ፕሮሰሰር ያስተምረዋል። የገዛ ዕለት ይሄ ሁሉ ያበቃል። ስልክ ያለው ሰው ማን ዞሮ ያየዋል? በሬ ገዢስ ማረስ ስላለበት ነው የሚቸኩለው።

ከተገዛ በኋላ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመገዛቱ በፊት ለቀለሙ ብቻ ሁለት ቀን ታስቧል፤ ሰማያዊው ያንጸባርቃል፣ ወርቃማው ይከብራል፣ ነጩ ይቆሽሻል። ሰማያዊው ተመረጠ። ከዚያ እዚያው ባንኮኒ ላይ ጥቁር ካቨር ይለብሳል፤ ፊቱ ላይ ግላስ ይለጠፋል፤ ሰማያዊውን ከባለሱቁ በቀር ያየው የለም። የእኔን ጠይቁኝ እንጂ፤ አብሮት የመጣውን ስስ ላስቲክ እስከ ዛሬ አላነሣሁትም፤ ጠርዙ ተገላብጦ አቧራ ይዟል፣ ሥሩ አረፋ ሠርቷል፣ ፎቶ ሳነሣ ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ሆኖ ይወጣል። ልጆቼ «አንሺው» ሲሉኝ «አዲስ እኮ ነው» እላለሁ። ካርቶኑስ? አልጋ ሥር ነው። ምን እንደምናደርግበት እንጃ፤ ደባርቅ ውስጥ አልጋ ሥር የተቀመጠው የስልክ ካርቶን ቢደረደር ግን ራስ ዳሽን ባይደርስ ሳንቃ በር ይደርሳል።

የገዛ ሰው ደግሞ በሰላም አይቀመጥም። በማግስቱ ያልገዛውን ስልክ ዋጋ ሊጠይቅ ይሄዳል። ቀንሶ ከሆነ «ለዚህ እኮ ነው፣ ስለማይረባ ነው የቀነሰው» ይላል። ጨምሮ ከሆነ «በጊዜ ያመለጥኩት!» ይላል። ያልገዛውን የያዘ ሰው ቡና ላይ አጠገቡ ከተቀመጠበት ደግሞ አለቀ። ስልኩን አገላብጦ ያይለታል፤ «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ይሞቃል ይባላል» ይለዋል። ማን እንዳለ አይታወቅም። ያኛውም በተራው «ያንተ ስታክ ያደርጋል ሲሉ ሰማሁ» ይላል። እሱንም ማን እንዳለው አይታወቅም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ሁለቱም የራሳቸውን ስልክ ሞቆ እንደሆነ እየዳበሱ ነው።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ራም፣ ያ ሁሉ ሜጋፒክስል ምን ይሠራል? ግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ይላክበታል፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ቁልፍ ባላትም ስልክ ግን ይላካል። ቴሌግራም ላይ የሰርግ ፎቶ ይታያል። ቲክቶክ ይከፈትና እራት ያርራል። «ምን ታያላችሁ?» ብዬ ባለቴክኖውንና ባለኢንፊኒክሱን አጮልቄ ሳያቸው አንዱም አንዱም ያው አንድ ቪዲዮ ላይ ናቸው፤ አንዱ አንድ ሰከንድ ቀድሞ ስለሳቀ «አየሽ ፍጥነቱን?» አለኝ።

እኔ በበኩሌ በዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ የለሁበትም። እግዜር ያውቃል፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ማንኛውንም ብትገዙ አትጎዱም፣ ገንዘባችሁንና ጊዜያችሁን አታባክኑ። ከሰው ሰው እየዞራችሁም ምክር አትልቀሙ፤ ሁሉም የያዘውን ነው የሚያሞግሰው። ግን ካነሣችሁት አይቀር፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ የያዝኩትን ነው መግዛት። ካሜራው ትንሽ ጭጋግ ያበዛል እንጂ፣ ወደር የለውም።